ገመድ የሆነው መገነዣሽ

ሙታንን በየስማቸው በሚያውቅ በእግዚአብሔር ስም ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ወለተ ሥላሴ፣ የልጆቼ እናት።

ከተለየሽኝ ሦስተኛው ፋሲካ አለፈ። አምባችን ያው ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ እንደ ደሴት ከሰው የሚለየው። ነገር ግን አንድ ነገር ተለውጧልና ሳልነግርሽ ማደር አልሆነልኝም። የገበሬ ማኅበሩ ልጆች በጋውን ሁሉ ገደሉን በዲጅኖ ሲፈለፍሉ ከርመው ደረጃ አወጡለት። አሁን ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ወርዳ መካነ ሰላም ሐኪም ቤት ትደርሳለች። አህያ ግን እስካሁን እምቢ ብላለች፤ ጨውና ዘር ዛሬም በጀርባችን ነው። ትምህርት ቤትም የለንም፤ የተላከልን መምህር ገደሉን ከታች አይቶ ተመለሰ።

ያን ክፉ ዘመን ታስታውሻለሽ። እህል የምንስብበትን የጠፍር ገመድ ቀቅለን በላነው። ወዲያው የእርዳታው ስንዴ ከገደሉ ሥር ደረሰ፤ ከላይ ሆነን እያየነው፣ ተሸክሞ የሚወጣ ጉልበት ያለው ሰው ጠፋ። ያን ጊዜ አንቺ ቤት ገብተሽ፣ ራስሽ ፈትለሽ ለመገነዣሽ ያስቀመጥሽውን ቡልኮ አወጣሽ። ልከለክልሽ ስል፣ «ተዉኝ እስቲ መሪጌታ፤ መጀመሪያ የሚቀብረኝ ሰው ይትረፍ» ብለሽ ቀደድሽው። ሴቶቹም ያላቸውን እያመጡ አብረውሽ መሳቢያ ገመድ ገመዱ። ስንዴው ወጣ፤ ልጆቻችን ተረፉ። አንቺን ግን በሽታው ቀደመኝና በስንዴው ጆንያ ገንዤ ቀበርሁሽ። ፍትሐቱን ሳደርስልሽ ዓይኔ ከጆንያው ላይ አልነቀል አለኝ።

ደረጃው ሲያልቅ ልጆቹ ገመዱን ቆራርጠው ለጭነት ሊካፈሉት ተነሡ። ስጡኝ ብላቸው፣ «መሪጌታ፣ እኛ በደረጃው ምድር ወርደናል፤ እርስዎ በገመዱ ሰማይ ሊወጡ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ከምን እንደተገመደ ነገርኋቸው። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ያልሳመው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሊቆርጥበት የያዘውን ቢላዋ አስቀመጠ፤ ገመዱንም በትከሻው ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አደረሰልኝ።

አሁን ከደወሉ ጋር ታስሯል። ንጋት ላይ ለኪዳን ስስበው፣ ያላለበስሁሽ ቡልኮ በእጄ ነው። ክንዴ እስኪዝል ድረስ፣ ስምሽን ሳልጠራ ደወሉን አልደውልም።

መገነዣዋን ለሕያዋን የሰጠችውን ነፍስሽን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልኝ። ይህን ያነበበውንም ከነቤተ ሰቡ ከረሃብ ይሰውርልን፤ ቀባሪ አያሳጣው። አሜን።