ሬሳ አይስልም

ፎክሻኒ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.

ለፌራራዋ እመቤት፣ ለእናቴ፦

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ድንበር ተሻግሮ የሚመላለሰው የሚኒባስ ሾፌር ቪርጂል ነው። አብሮት ሦስት ጠርሙስ የፕለም ማርማላታ ልኬልሻለሁ፤ ሁለት ከደረሰሽ ሦስተኛውን ቬሮና ላይ በዳቦ በልቶታል ማለት ነው፣ እንዳትከራከሪው፣ መልስሽም የሚመጣልን በእሱ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ አባባ ስለማይለቀኝ ነው። ስትደውዪ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ይቀመጣል። «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ይልሽና ስልኩን ለእኔ ይሰጣል፤ ከዚያ የማወራውን በአገጩ ይቆጣጠራል። አገጩ ወደ ላይ ከሆነ ቀጥል፣ ወደ ታች ከሆነ ዝም በል። ባለፈው ስለ ሥራው ስትጠይቂኝ አገጩ ደረቱ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ ለዚህ ነው በድንገት ስለ ጎረቤት ውሻ ማውራት የጀመርኩት። ውሻው ደህና ነው።

ያን ቀን ለገና እንደማትመጪ ነገርሽን። ተቀጥረሽ የምታስታምሚው ሽማግሌ፣ ሲኞር ኤቶሬ፣ ከሌላ ሰው እጅ አይበላም አልሽ። ቀጠልሽና «እናንተ መቼም ያለ እኔ ችላችሁታል፣ ተመስገን» አልሽ። እኔ ያቺን ቃል እንደ ጠጠር በጫማዬ ይዤ ሰነበትኩ። ስለ መቻል አንድ ወሬ አለኝ፣ ስሚኝ።

አባባ ከሥራ ወጥቷል። «በክብር ተሰናብተዋል» ነው የተባለው፤ ክብሩን ወደ ቤት አምጥቶታል፣ እስካሁን ግን የት እንዳስቀመጠው አላየሁም። «ለሥራ መሄጃ ይሁንህ» ብለሽ የላክሽለትን ጃኬት ለብሶ ኩሽና ይውላል።

ማን አስወጣው ካልሽ፣ እኔ ገደልኩት። ቆይ፣ ሻይሽን አስቀምጪ፣ ከሥሩ ልንገርሽ።

ሰው «ባልሽ ወተት ፋብሪካ ምን ይሠራል?» ሲልሽ «ኮምፒውተር ይጠብቃል» ትዪ ነበር፣ ዱላ ይዞ በር ላይ የሚቆም ይመስል። ሥራው ይኸውልሽ። የትኛው ገበሬ ስንት ሊትር እንዳስረከበ፣ የትኛው ሱቅ ምን እንደወሰደ፣ ሁሉም በየቀኑ ይቀዳል። ቅጂውን የሚያወጣው ፕሮግራሙ ነው፤ ፕሮግራሙን የሚጠብቀው አባባ ነው። ጠዋት ላይ መልእክት ይመጣል። አረንጓዴ ከሆነ ተቀድቷል፣ ቀይ ከሆነ የአባባ ቁርስ ይቀዘቅዛል። አንደኛው ቅጂ በርላድ ከተማ ወዳለው መጋዘን ይሄዳል፣ በየቀኑ በመስመር፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ በካሴት፣ እኔ በምነዳው የፋብሪካው መኪና። የእኛ መሬት እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ሲያንቀጠቅጠው አያስጠነቅቅም፤ ዋናውና ቅጂው አንድ ጉድጓድ እንዳይገቡ ነው።

አባባ ደግሞ አረንጓዴውን አያምንም። «መልሰህ ከፍተህ ያላየኸው ቅጂ ቅጂ አይደለም» ይላል። ባቄላ ስንፈለፍል እንኳ አያሳርፈኝም።

«ሬሉ፣ ሰርቨሩ ወደቀ። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«አለቅሳለሁ።»

«ቀጥሎስ?»

«አንተን እጠራለሁ።»

«እኔ የለሁም።»

«የት ሄደህ?»

«የለሁም አልኩህ እኮ። መልስ።»

አሥረኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምሬ አንዴም ያልጨረስኩ ሰው፣ ይህን ትምህርት ግን ከነገለባው ዋጥኩት።

ፋብሪካው በየዓመቱ የአደጋ ልምምድ አለው። ቀኑ ቀድሞ ይነገራል፣ ጥያቄውም መልሱም ይታወቃል፣ ከዚያ ሁሉም ተጨባብጦ ምሳ ይሄዳል። ዘንድሮ ግን ኢንጂነር ሴቬር የሚባል ወጣት ኃላፊ ከቡካሬስት መጣና «እውነተኛ ልምምድ ነው የምፈልገው። አንድ ሰው አደጋውን በድብቅ ይምረጥ» አለ። የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ስማራንዳ ቀና ሳትል በእስክሪብቶዋ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ከዚህ የባሰ አደጋ ከየት ይመጣል?»

ሴትየዋ በፋሲካ መሳቢያዋ ውስጥ ያስቀመጥኩላትን ጫጩት እስካሁን አልረሳችም። እንዲህ ሆኖ አደጋ ሆኜ ተሾምኩ።

እኔም ሹመቴን አከበርኩ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ንፍሮ አዘዝኩ፣ እውነተኛውን የሙት ንፍሮ፣ ስኳር ተነስንሶበት በካካዎ መስቀል የተሠራበት፣ ከመስቀሉ ሥር የአባባ ስም የመጀመሪያ ፊደል ያለበት። የምትቀቅለው ሴትዮ «ልጄ፣ ማን ሞተብህ?» ስትለኝ «አባቴ፤ ማክሰኞ ነው የሚሞተው» አልኳት። ዋጋውን ቀድማ ተቀበለችኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ንፍሮውን ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሻማ አበራሁበት።

«ወገኖቼ፣ መሬት ተንቀጥቅጧል። ቅጂው ተጀምሮ ሳያልቅ ዋናው ሰርቨር ፍርስራሽ ውስጥ ገብቷል። ጋሽ ኔኩላይም አርፈዋል። ነፍስ ይማር።»

አባባ ከስክሪኑ ቀና አለ። «በምንድን ነው የሞትኩት?»

«ጣሪያ ወድቆብህ።»

«ጣሪያው አምና ነው የታደሰው።»

«እንግዲያው በልብህ።»

«በልቤ ይሻላል» አለና ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ትንሽ ቆየና ማንኪያ አንሥቶ ንፍሮውን ቀመሰ። «ስኳር በዝቶበታል።»

«ጋሼ፣ ሬሳ አያወራም» አለችው እትዬ ስማራንዳ። እሷ አልነካችውም፤ በቁሙ ላለ ሰው ንፍሮ መቀቀል መዘዝ ያመጣል ብላ አማተበች። ሌላው ግን ጨልፎ ጨልፎ በላ።

ኢንጂነሩ የአባባን መመሪያ አንሥቶ ለእኔ ሰጠኝ። «አንተ ሞክር። አንተ ከቻልክ ማንም ይችላል።» ምስጋና መሆኑ ነው።

ባዶውን ማሽን አስነሣሁ፣ ከበርላድ ጋር አገናኘሁት፣ መመሪያው የሚለውን ሁሉ አደረግሁ። ፕሮግራሙ በመጨረሻ ቀኖቹን ደርድሮ ከየትኛው ልመልስ አለኝ። ጣቴን ወደ መጨረሻው ቀን ሰደድኩ። አዲስ ነገር ሁልጊዜ ይሻላል አይደል?

አባባ አንዲት ደረቅ ሳል ሳለ።

«ሬሳ አይስልም» አለች እትዬ ስማራንዳ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሳቅሁ። ጣቴ ግን አየር ላይ ቀረ። የመጨረሻው ቅጂ ሳያልቅ ነው መሬቱ የተንቀጠቀጠው፣ ራሴ ነኝ ያልኩት። ግማሽ ቅጂ ብመልስ ግማሹ ገበሬ ወተት አላመጣም ማለት ነው። ከእሱ ቀድሞ ያለውን፣ ሙሉውን መረጥኩ።

ለምሳ ሳንወጣ ሁሉም ተመለሰ። ገበሬው ከነሊትሩ፣ ሱቁ ከነዕዳው። ኢንጂነሩ አጨበጨበና «ያለ አቶ ኔኩላይ ይቻላል» ብሎ ሪፖርቱን ጻፈ። ሳሉን አልጻፈውም። የሬሳ ሳል የሚጻፍበት ቦታ የለውማ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ «ዘግይተሃል፤ ግን መለስከው» አለኝ። እማ፣ ይህ ሰው ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ አመስግኖኝ አያውቅም። ያን ቀን የሰማይ ግማሽ የእኔ ነበር።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ሁለታችንንም ጠሩን። ኢንጂነሩ ተነሥቶ ነው የጨበጠው፣ ጨዋ ነው። «ድርጅቱ በአንድ ሰው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ አቶ ኔኩላይ። ይህን አደጋ እርስዎ ራስዎ አስወገዱልን፤ ልጅዎን አሠለጠኑ፣ መመሪያውን ጻፉ። እናመሰግናለን።»

ታያለሽ? አደጋው እኔ ነኝ ስል፣ አደጋው ለካ እሱ ነበር። ወንበሩን ለእኔ ሰጡኝ፣ በግማሽ ደሞዝ፣ ዲፕሎማ የለህም ብለው። እምቢ አላልክም ወይ ትዪኛለሽ። ብያለሁ፣ ኢንጂነሩ ፊት፣ በምን ዓይነት አፍ እንዳልኩ አልጽፍልሽም። ዝም ያሰኘኝ አባባ ነው። እጄን ያዘና «ቅጂውን ለማን ጥለን?» አለኝ።

ይህችን ቃል ታውቂያታለሽ። አንቺ ለአንድ ዓመት ብለሽ ከሄድሽ ጀምሮ፣ «ኔኩላይ፣ ለሳምንት እንኳ ና» ባልሽው ቁጥር የሚልሽ እሷን ነበር። «ቅጂውን ለማን ጥዬ?» አንቺም አመንሽው። እሱም አምኖ ነበር፣ በእመቤቴ፣ ሲዋሽሽ አልኖረም። ያ ማክሰኞ ነው ነገሩን ውሸት ያደረገው። አንድ ሳምንት እኔ እየተደናበርኩ እይዘው ነበር፤ ሁለት ሳምንትም እይዘው ነበር። እሱ ፌራራ መጥቶ፣ ያን የምትዪውን የከተማ ግንብ ከአንቺ ጋር መዞር ይችል ነበር። ይህን አስቦታል። «ለእናትህ እንዳትነግራት» ያለኝም ስለ ሥራው አፍሮ አይመስለኝም።

አሁን እኔ ወደ ሥራ ስወጣ «አረንጓዴ ሲሆን ደውልልኝ» ይላል። እደውላለሁ። «አረንጓዴ ነው» እለዋለሁ። «ጥሩ» ይላል። ይኸው ነው ቀኑ።

አንድ ቀን ይህ ሰለቸኝ። አረንጓዴ ሆኖ ሳለ «ቀይ ነው፣ አባባ» አልኩት። ከወንበሩ ይነሣ ብዬ ነው፣ ፀሐይ ይየው ብዬ፣ ደግሞም ሳላሾፍበት ብዙ ቆይቼ ነበር። ተነሣም። ያንን ጃኬት እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አውቶቡስ እንኳ ሳይጠብቅ በእግሩ መጣ። በር ላይ ጋሽ ፓናይት አቆመው፤ ሠርጋችሁ ላይ ሰክሮ የእንግዳ ማረፊያውን አጥር የነቀለው ፓናይት።

«ኔኩላይ፣ ወንድሜ፣ ካርድህን።»

«ወስደውብኛል እኮ። ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። እና ምን ላድርግህ? እኔንም ሊያሰናብቱኝ ነው?»

«ቀይ ሆኗል፣ ፓናይት።»

«ቀይ ይሁን ቢጫ፣ ያለ ካርድ አይገባም። ና እስቲ እዚህ ተቀመጥ፣ ሲጋራ ልለኩስልህ።»

አባባ አልተቀመጠም። ስወርድ ከበሩ ውጭ ቆሞ በትንፋሹ መነጽሩን እየጠረገ አገኘሁት። ላቡ ከጃኬቱ በላይ ይታያል። ወደ ቢሮው መስኮት እንጂ ወደ እኔ አላየም።

«ከየትኛው ቀን ልትመልስ ነው?» አለኝ።

«አረንጓዴ ነው አባባ። ቀልዴን ነው።»

መነጽሩን ዓይኑ ላይ መለሰ። «ጥሩ» አለና ዞሮ ሄደ። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? ጋሽ ፓናይት ሲጋራውን ረገጠና «አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን እጅህን ይሰብሩልሃል» አለኝ። እስካሁን የሰበረኝ የለም፣ እየጠበቅሁ ነው።

አሁን ወደ አንቺ። ለሲኞር ኤቶሬ አንድ ልምምድ አድርጊለት። አንድ ማክሰኞ ሙቺ። በልብ ይሁን፣ ለእኛ ቤት ልብ ይስማማናል። ወንበር ወስደሽ መስኮቱ ሥር ተቀመጪ፣ እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አድርጊ። እሑድ እሑድ ሽቶዋን ይዛ የምትመጣው ልጁ ማንኪያውን ትያዝ። መጀመሪያ አፉን ይገጥማል። ሾርባው በአገጩ ይወርዳል። ልጅቱ ወደ አንቺ ታያለች። እንዳትስዪ።

ይበላል፣ እማ። ይርበዋል፣ ይበላል። ከበላ በኋላ የሚሉሽንም አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ሰምቼዋለሁና፦ «እናመሰግናለን።» ደግሞ ቆመው ይጨብጡሻል።

የእኛን ሪፖርት ከፈለግሽ አረንጓዴ ነው። ሾርባ እሠራለሁ። አባባ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ የሚሄድበት ባይኖረውም። በጾሙ ባቄላውን አሳምረን ፈጨነው፣ ሽንኩርቱ ብቻ አረረ። አዎ፣ ያለ አንቺ ይቻላል። ግን ድስቱ ውስጥ ጨው ሁለቴ ስጨምር በዚህ ቤት የሚስል ሰው የለም።

ቅድስት ፓራስኬቫ ጉልበትሽን ትጠብቅልሽ፣ ደረጃው ላይ አትሩጪ። ለሲኞር ኤቶሬም ዕድሜ ይስጠው፣ ከማንም እጅ የሚበላበት ዕድሜ። አንቺም መርቂኝ፤ ከሩቅ ቢሆንም እቀበላለሁ፣ የእኛ ቤት ሁሉን ነገር ከሩቅ ለምዷል።

አደጋሽ፣
ሬሉ

ደግሞ ይህን ስሚ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል አባባ ጃኬቱን እንደለበሰ መጥቶ በላዬ ቆመ። «ምን ጻፍክላት?» አለኝ። «ደህና ነን፣ እንዳታስቢ ብዬ» አልኩት። «ጥሩ» አለ። ወደ በሩ ሄደ። እዚያ ቆመና፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ አንዲት ደረቅ ሳል ሳለ።