ስለ ኋለኛዋ ክፍል አየር፦ ለጥርስ ክሊኒኩ ባለቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የክሊኒኩ ባለቤትና ዋና ሐኪም፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደረትዎ፣ ትንፋሽዎ፣ እንቅልፍዎ ሁሉ ደህና ነው? ከሰላምታዬ ጋር ጥቂት ንጹሕ አየር ጨምሬ ብልክልዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ቢሮዎ ውስጥም፣ እንግዳ መቀበያው ውስጥም ሲያስፈልግ የሚያቀዘቅዝ፣ ሲያስፈልግ የሚያሞቅ ኤሲ እንዳለ ስለማውቅ ስጦታዬ ትርፍ እንዳይሆንብዎ ብዬ ትቼዋለሁ።

እኔ በደጅዎ የሚያልፈው አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። በዚህ ካላወቁኝ «የዚያች የምታስለዋ ሴት ባል» ቢሏቸው ሠራተኞችዎ ያስታውሱኛል። ባለቤቴ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ለደንበኞችዎ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራና ስትሞርድ ኖራለች። እርስዎ ጥርሱን ገጥመው ለደንበኛው መስታወት ሲያቀብሉት «እጅዎ ይባረክ» ይባላሉ፤ ይገባዎታል። ከጥርሱ ተሞርዶ የሚነሳው ብናኝ ወዴት እንደሚሄድ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ሳልጠይቅ ኖሬ አሁን በሳንባዋ ራጅ ላይ አየሁት።

አንደኛ፣ ስለ መስኮቱ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ክፍሏ አንዲት መስኮት ነበረቻት፤ የማሽኑ ጩኸት በእሷ በኩል እየወጣ በር ላይ የደረሱ ደንበኞችን ያስፈራል ብለው በምስማር አስመትተው አዘጓት። ባለቤቴ «ዶክተር፣ ታፈንኩ እኮ» ብትልዎ «አይዞሽ እህቴ፣ ንፋስ እንዳይመታሽ ብዬ ነው፤ ለአንቺው ነው» አሏት። በእኔ አውቶቡስ ውስጥም ንፋስ መታኝ እያሉ መስኮት የሚያዘጉ ተሳፋሪዎች ሞልተዋል፤ አንዳቸውም ግን እስከ ዛሬ መዶሻ ይዘው አልተሳፈሩም።

ሁለተኛው ጉዳይ ማስታወቂያዎ ነው። ውበቱ አያጠያይቅም። ያቺ በመብራት የደመቀች፣ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ የምትስቅ ሴት ከሩቅ ትታያለች። የተሰቀለችው ግን ከባለቤቴ ክፍል አየር ወደ ውጭ በሚስበው ማራገቢያ አፍ ላይ ነው። መውጫውን ደፍና ከተሰቀለችበት ቀን ጀምሮም ማራገቢያው ሥራውን አላቆመም፤ ብናኙን ግድግዳ ድረስ ወስዶ መልሶ ያመጣላት ነበር። ባለቤቴ ይህንን ብትነግርዎ ችላ አላሏትም፤ በማግስቱ ሎሚ ሎሚ የሚሸት የሚረጭ ሽቶ ላኩላት። ስለዚህ ብናኙ ወደ ሳንባዋ የገባው በመልካም መዓዛ ታጅቦ ነውና ምስጋናዬን ይቀበሉኝ።

ሦስተኛው ስለ አንድ ቀን ነው። ተቆጣጣሪው ከጤና ቢሮ የመጡበት ዕለት ማለቴ ነው። እሳቸው እንግዳ መቀበያው ውስጥ ኤሲው ሥር ተቀምጠው «እንዲህ ያለ ጥሩ አየር እኛ ቢሮ በኖረ!» ሲሉ ሁሉም ሰምቷል። የባለቤቴ ክፍል በር ላይ ያን ዕለት ጠዋት «ዕቃ ማስቀመጫ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እሷ ከውስጥ ነበረች። ማሽኑን አጥፍታ ድምፅ እንዳታሰማ ታዝዛ ነበር። ተቆጣጣሪው በሩ አጠገብ ቆመው ከእርስዎ ጋር ሲጫወቱ እሷ ጋውኗን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ሳሏን እየዋጠች፣ ዓይኗ እያነባ፣ እስኪያልፉ ጠበቀች። ቤት ስትመጣ «ለምን በሩን አትከፍችውም ነበር?» ብዬ ጮኽኩባት። «ከዚያስ? ነገ የት ልገባ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሳሉ እምቢ አለ። ኮሪደሩን አልፎ እንግዳ መቀበያው ድረስ መሰማት ሲጀምር እርስዎ አስጠርተው «ደንበኞች እየተረበሹ ነው፤ ለጤናሽ ስትይ ብታርፊ ይሻላል» ብለው አሰናበቷት። ስለ ጤናዋ ሲያስቡ ይህ የመጀመሪያዎ ስለነበር ቀኑን አንረሳውም። የሳንባ ሐኪሟ ራጁን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ እያየች «ጠባሳው አይሽርም፤ የቀረውን እንዳናጣ ነው የምንታገለው» አለችን። እኛም እየታገልን ነው፤ እስካሁን እየተሸነፍን ነው።

ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴን የሚያውቋት በሥራ ልብስ ስለሆነ አንድ ነገር ልንገርዎ። ይህች ሴት ሳቂታ ነበረች። ስትስቅ ጎረቤት «ምን ተገኘ?» ብሎ ብቅ ይል ነበር። እኔም ያገባኋት ለዚያ ሳቅ ስል ነው ብል አላፍርም። አሁን ሳቅ ሳሏን ስለሚቀሰቅስባት በቤታችን ቀልድ ተከልክሏል። ወንድሟ ሰው ሁሉ የሚወደው ቀልደኛ ነው፤ ሊጠይቃት ሲመጣ በር ላይ ተቀብዬ «አደራህን፣ እንዳታስቃት» እለዋለሁ። እሱም ገብቶ ስለ አየሩ ጠባይ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ እንደ ዜና አንባቢ ያወራል። በቀደም ግን ረሳውና ስለ ሚስቱ እናት አንድ ነገር ጣል አደረገ። ባለቤቴ ሳቀች። እውነተኛውን ሳቋን። ቀጥሎ ትንፋሿ ጠፋ፤ ከንፈሯ ጠቆረ፤ እስክትመለስ ድረስ ልጃችን ጀርባዋን፣ እኔ እጇን ይዘን ቆየን። ወንድሟ ወጥቶ አጥሩን ተደግፎ ሲያለቅስ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ባለቤቴ «ተቀየመኝ እንዴ?» እያለች ትጠይቀኛለች።

ይህንን ሁሉ ለጤና ቢሮ አመልክቼ ነበር። መልሳቸው ፈጣንና ትሕትና የተሞላበት ነው፤ በክሊኒኩ ቁጥጥር ተደርጎ አየሩ ጥሩ ሆኖ መገኘቱን፣ ያመለከትኩባት ክፍልም ዕቃ ማስቀመጫ እንጂ ሰው የሚሠራባት አለመሆኗን ገልጸውልኛል። እንግዲህ ባለቤቴ የታመመችው በሌለች ክፍል ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ይህንን ለሳንባዋ የሚያስረዳልኝ አላገኘሁም። ከእርስዎም የምጠብቀው ነገር ኖሮኝ አልጻፍኩም። ዝም ስል ግን እኔም በሩ ላይ ያንን ወረቀት የለጠፍኩ እየመሰለኝ ተቸግሬ ነው።

እርስዎ ዕድሜ ልክዎን አየር ሳይጎድልብዎ፣ ደረጃ ሲወጡ ሳያለከልኩ፣ ከወዳጆችዎ ጋር ጠግበው እየሳቁ እንዲኖሩ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ከትልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በደጅዎ የሚያልፈው የአውቶቡስ ሹፌር

ማስታወሻ፦ በባለቤቴ ቦታ የቀጠሯት ሴት ሰሞኑን ልትጠይቃት መጥታ ነበር። ደግ ሰው ናት፤ ብርቱካን ይዛ መጣች። «ወደዚህ ሶፋው ላይ» ብንላት «እዚሁ ይሻለኛል» ብላ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ልትሄድ ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ እርስዎን ሳሉ ሲጀምርዎ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ባለቤቴ እጇን ያዘቻት። ሐኪሙ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይንገሯት።