ከወገብ በታች ያለች መስኮት

ሰኞ፣ የካቲት 2
ብየዳ፣ ሻይ፣ ደግሞ ብየዳ። የመሸሻን የአጥር በር ጨረስን። የእህቴ ልጅ ራኬብ በሩን ቀለም ቀባች፤ እኔ አፍንጫዋን ቀባሁ። ሰደበችኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3
ጉድ! በሩን ስናቆመው የሚያንኳኳ ሰው የሚታይባት ትንሿ መስኮት ከወገብ በታች ሆና ተገኘች። ስለካው ተጋድሞ ነበር፤ ግርጌውን ራስጌ አድርጌው... እንዳልገለብጠው ማጠፊያውም ቁልፉም ተበይዷል።
መሸሻ፣ «ጋሽ ታዲዮስ፣ ይቺ የድመት ናት?»
«ሌባ ሲመጣ በጫማው ትለየዋለህ» አልኩት። አልሳቀም። ጥሎት ሄደ።
የነበረን ላሜራ ያ ብቻ ነው። በሩ ካልተሸጠ ብየዳ ቤቱን መዝጋታችን ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 5
«አትድፈናት፣ የሚፈልጋት ሰው አይጠፋም» ትላለች ራኬብ። ማን? አጭር ሌባ? ቅዳሜ እደፍናታለሁ።
ከሰዓት አንዲት ሴትዮ መጡ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ ከቤቴል። በሩን ዞር ዞር እያሉ አዩት።
«ወንበር ይኖርዎታል?»
ተቀምጠው በመስኮቷ አጮለቁብኝ! ዋጋውን ነገርኳቸው... አልተከራከሩም። እዚህ ሰፈር ማን ሳይከራከር ይገዛል? ማዞሪያው ጋ በር የሚሠራው ገመቹ ነው የላካቸው። ሥራዬን ሊያሰልል።

ዓርብ፣ የካቲት 6
ተመልሰው መጡ። ሜትር ይዘው! ከመሬት እስከ መስኮቷ ለኩ።
«ማን ነው የላከዎት?»
«እናቴ።»
እናት ደግሞ በር ታስለካለች እንዴ? ራኬብ በክርኗ ጎሸመችኝ። «አጎቴ፣ ቤታቸው ወስደን እንትከለው።» እሺ አልኩ። ውሸታቸው እዚያው ይጋለጣል ብዬ...

ቅዳሜ፣ የካቲት 7
ቤቴል ተከልነው። እናትየው እውነት ናቸው። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናቸው፤ አራት ዓመት ሙሉ ማን እንደሚያንኳኳ ራሳቸው አይተው አያውቁም።
ልሞክረው ብዬ ወጥቼ አንኳኳሁ። መስኮቷ ተከፈተች።
«ማነህ?»
«በሩን የሠራሁት ነኝ፣ እማማ።»
ከጫማዬ ጀምረው አዩኝ። «አላውቅህም!» ድርግም።
ውስጥ ሦስቱም ይስቃሉ። እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ... አሁንስ ማንን ልጠርጥር?

ረቡዕ፣ የካቲት 11
የሴትዮዋ ጎረቤት አቶ ወዬሳ በር ሊያዝዙ መጡ። «መስኮቱ እንደተለመደው ይሁን» አሉ።
ሜትሬን አስቀመጥኩ። «ቤትዎ ሰው ሲያንኳኳ የሚከፍተው ማነው?»
ግራ ገባቸው። «ባለቤቴ። ደረቴ ላይ ነው የምትደርሰው...»
ራኬብ ላሜራው ላይ በጠመኔ ሁለት መስኮት ሳለች፤ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጋ። እንዲህ ያለ በር በዕድሜዬ አላየሁም።
«ቁረጪው» አልኳት።