የእሸቴን ጊታር ስማር

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ተናኜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ የወገብሽ ሕመም ዘንድሮስ ማረሽ? እናታችንስ እንደምን ናት? ዓይኗ የሰው መልክ ይለያል ወይስ አሁንም ሰውን የምታውቀው በድምፁ ነው? ልጆቹስ? የፍልሰታ ጾም እንዴት ይዟችኋል? ዝናቡስ ጣለላችሁ? እዚህ የሚወራው ደግ አይደለምና ስለ እህሉ ሳስብ ሆዴ ይባባል። እኔ አለሁ ካልኩሽ አለሁ። ቆሜ እሄዳለሁ፤ ሥራ እገባለሁ፤ ያቀረቡልኝን እበላለሁ። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ በእግዜር ፊት ውሸት ይሆንብኛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን ኃይለኪሮስ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ወደ ጎንደር ጭኖ ሲሄድ እናንተው ዘንድ ወረታ ያድራል። የታመነ ሰው ነውና ራት አብዪልኝ። በፖስታ ቢሆን ኖሮ ከሰላምታው አላልፍም ነበር፤ በፖስታ የሄደውን ከባለቤቱ በፊት ማን እንደሚያነበው አንቺም ታውቂያለሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ይብላው።

በግንቦት የላክሽብኝ መልእክት ደርሶኛል። ልጅ አልወለድሽለት፣ ዕድሜሽ ገና ነው፣ ከቁስለኛ ጋር ራስሽን አትቅበሪ፣ አገርሽ ግቢ ብለሻል። ዝም ያልኩሽ ተቀይሜሽ አይደለም። ለእኔው አዝነሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የኖርነውን ሳትሰሚ መልሱን ብቻ ብልክልሽ አይገባሽም ብዬ ነው እስካሁን የቆየሁት።

እሸቴ ወታደር እንዳልነበረ ታስታውሻለሽ። የጋራዥ መካኒክ ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ በሰፈራችን ከፍተኛ ቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወታል። በሰርጋችን እናታችንን ከተቀመጠችበት አስነሥቶ ያስጨፈራት በዚያ ጊታር ነው። በሰባ አራት የዘመቻው ጊዜ ሠራዊቱን ታበረታታላችሁ ተብለው ወደ ሰሜን ተላኩ። ጠመንጃ አልያዘም፤ የያዘው ጊታሩን ነው። የተሳፈሩበት መኪና ፈንጂ ረገጠ። ጊታሩ ከኋላ በሚከተለው መኪና ከድንኳኑ ጋር ተጭኖ ስለነበር ጭረት እንኳ ሳይነካው ተመለሰ። የእሸቴ ግራ እጅ ግን ከአንጓው ተቆርጦ እዚያው ቀረ።

ከሆስፒታል ሲወጣ እጁን ያጣ መስሎኝ ነበር። አንደበቱንም አጥቶ ኖሯል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ብጠራው አይሰማም፤ ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ተኝቷል በዪ ይለኛል። አምና በኅዳር አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ፣ ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ የምትኖረው ሶሬቲ የቤታችንን በር ይዛ ስታለቅስ አገኘኋት። እሸቴ ራሱን ሊያጠፋ ሲል እሷ ናት ደርሳ ያስጣለችው። ይህን ለእናታችን እንዳትነግሪብኝ። ሐኪሙ ለብቻው አትተዪው አለኝ። እኔ የመንግሥት ታይፒስት ነኝ፤ ከሥራ ብቀር የምንበላው የለም፣ ብሄድ ባሌ ይሞትብኛል። ያኔ ሶሬቲ የልብስ ማጠቢያዋን ወደ በራችን አምጥታ ቀን ቀን ትጠብቅልኝ ጀመር። የራሷ ባል የት እንደታሰረ እንኳ አታውቅም፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነንባታል። አንድም ቀን ግን ፊቷን አላጠቆረችብኝም።

ጊታሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። አንድ እሑድ እሸቴ ከአልጋው ቀና ብሎ «ይህን ነገር ከፊቴ አንሺልኝ። ወይ ለሰው ስጪው ወይ ማገዶ አድርጊው» አለኝ። አውርጄው ወጣሁ። ከወሎ ሰፈር እስከ ሃያ ሁለት በእግሬ ሄድኩ፤ እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ዓብዱ የሚባል ጓደኛ አለው፤ ጊታር የጀመሩት አብረው ነው። ይውሰደው ብዬ ነበር የሄድኩት። ዓብዱ ተቀብሎ ሲቃኘው ግን ያ ቤታችንን ይሞላው የነበረው ድምፅ ወጣ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፣ አስተምረኝ አልኩት።

ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። አርባ ልደፍን ምንም ያልቀረኝ፣ በዘፈን እንኳ ድምፄ ከሰው የማይገጥም ሴት መሆኔን አንቺው ታውቂያለሽ። ጣቶቼን ገልብጦ አያቸውና እንዲህ አለኝ፦ «ታይፕ የለመደ ጣት ነው፣ ይታዘዛል። የሚያስቸግርሽ ጣትሽ ሳይሆን ተስፋ መቁረጥሽ ነው። ብዙ አትጫወቺ፤ በየቀኑ ብቻ ንኪው። አንድ ቀን ቢያመልጥሽ የሚቀጥለው እንዳያመልጥሽ።»

ጊታሩን ደብቄ ይዤው ተመለስኩ። እሸቴ ሳያየኝ የምለማመድበት ቦታ ብፈልግ ከማድ ቤቱ በቀር አልነበረም። ጠዋት ለቁርስ ውሃ ጥጄ፣ እስኪፈላ ድረስ ጊታሩን እታቀፋለሁ። ውሃ መጣድ ረስቼ አላውቅምና ጊታሩንም በዚያው አልረሳውም ብዬ ነው። እትዬ፣ የጊታር ክር ሥጋ ይቆርጣል። የግራ እጄ ጣቶች ጫፋቸው ተላጠ፤ ቢሮ ገብቼ የታይፑን ቁልፍ በነካሁ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀራል። አለቃዬ ስሕተትሽ በዛ ብሎ ገሠጸኝ። አንዱን ክር ስይዝ ሌላው ይታፈናል፤ ሁለቱን ስይዝ ጣቴ ይንቀጠቀጣል። የግቢው ሰው «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እያለ ተረተብኝ። ውሃውን ጥጄ፣ ጊታሩን አቅፌ፣ አንድም ክር ሳልነካ አልቅሼ ብቻ የተነሣሁበት ጠዋት አለ። ለዓብዱ ያንን ስነግረው፣ ካቀፍሽው እሱም ይቆጠርልሻል አለኝ።

ማድ ቤታችን ከመኝታው የሚለየው በቆርቆሮ ነው። እሸቴ አይሰማም ብዬ እንዴት እንዳሰብኩ አሁን ሳስበው ይገርመኛል። አንድ ጠዋት በሩን በእግሩ በርግዶ ገባና በእጄ ልትሳለቂ ነው ወይ ብሎ ጮኸብኝ፤ ጊታሩን ከጭኔ መንጭቆ ወረወረው። ጊታሩ አልተሰበረም። እኔ ተሰበርኩ። በማግስቱ ግን ውሃውን ስጥድ እጄ ራሱ ወደ ጊታሩ ሄደ። ድፍረት አይደለም፤ ልማድ ነው። እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ ነካ አደረግሁት። ከቆርቆሮው ወዲያ ድምፁ መጣ።

«የታችኛው ክር ላልቷል» አለ።

ስንት ጊዜ ሆኖት ነበር መሰለሽ ያለ ቁጣ ካናገረኝ። አጠበቅሁት። «በዛ» አለ። መልሼ አላላሁት። «እሱ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ አልጋው ላይ ሆኖ ያርመኝ ጀመር። ክፉ አስተማሪ ነው፤ ማመስገን የሚባል አልፈጠረበትም። ግን እኔ ስሳሳት ለመቆጣት ሲል ይነቃል፣ ለመቆጣት ሲል ይቀመጣል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ማድ ቤት ገባና በርጩማ ስቦ ከኋላዬ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን በወገቤ አሳልፎ ክሮቹ ላይ አሳረፈ። እኔ በግራዬ እይዛለሁ፣ እሱ በቀኙ ይመታል። በባቲ ቅኝት ነበር የጀመረው። መጀመሪያ አልተገናኘንም፤ እሱ ይቀድማል፣ እኔ እጎተታለሁ። ኋላ ግን ከየት እንደመጣ ሳናውቀው መጣ። ውሃው ፈልቶ ተንተክትኮ ድስቱ ደረቀ፤ ያየው የለም። ሶሬቲ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አገርሽ ግቢ ያልሽው መልእክት የደረሰኝ በዚያው ሰሞን ነው፤ ሳቅሁ፣ አትቀየሚኝ።

ምነው ያኔ ባልሳቅሁ። ቆርቆሮ ምስጢር አይጠብቅም። አሁን ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ከተማው ሁሉ ቀለም ይቀባል፤ ቀበሌውም ለመድረክ የሚያቀርበው ሰው ፍለጋ ቤት ለቤት ይዞራል። በሰኔ መጨረሻ የኪነት ኃላፊው ገረመው ሰዎች አስከትሎ መጣ። ገረመው ከእሸቴ ጋር በአንድ መድረክ የዘፈነ ሰው ነው፤ ክፉም አይደለም። ባልና ሚስት በአንድ ጊታር፣ እሸቴ እጅጌውን ሰብስቦ ለእናት አገሩ የከፈለውን ለሕዝብ እያሳየ፣ እንዲህ ነበር ያሰበልን። እሸቴ ቀና አለ።

«እጄን ሰጥቻለሁ ገረመው» አለው። «የቀረውን ለማሳያ አልሰጥም።»

ገረመው ይህን እንዳልሰማሁ ልሁን አለ፤ እውነትም ሊያልፈው ፈልጎ ነበር። አብረውት የመጡት ግን ሰምተዋል። ሳይውል ሳያድር የአብዮት ጥበቃዎቹ መጥተው እሸቴን ወሰዱት። ጊታሩንም የኪነት ንብረት ነው ብለው ይዘውት ሄዱ። ከሐምሌ አብዛኛውን ቀበሌው ውስጥ ታሰረ። ስንቅ ሳመላልስ ገረመውን በር ላይ አገኘዋለሁ፤ ዓይኑን ያሸሽብኛል። ሲለቁት ምን አደረጉህ ብዬ ብጠይቀው ምንም አላደረጉኝም አለኝ፤ ሰውነቱም ላይ ያየሁት ቁስል የለም። አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዓብዱን ፍለጋ ሃያ ሁለት ብሄድ ከሆቴሉ ጠፍቷል። የት እንደሄደ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ አንዷ አስተናጋጅ ብቻ እህቴ አትጠይቂ፣ በጊዜ ቤትሽ ግቢ አለችኝ።

እትዬ፣ የባሰው ይህን ጊዜ ነው። ፊት ዝም ሲል የምነካው ጊታር ነበረኝ፤ አሁን ምንም የለኝም። ቢሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሶሬቲ ናት እላለሁ። አንድ ቀን ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤት የሚያስገባውን መንገድ መግባት አቃተኝ። በሩን ስከፍት የማገኘውን ፈራሁ። ጋራዦቹ አጠገብ ቆሜ፣ አውሮፕላኖቹ በላዬ እየወረዱ፣ ወንዶቹ ሱቃቸውን ሲዘጉ እያየሁ ቆየሁ። ያን ቀን ልብሴን እንኳ ሳልይዝ አንቺ ዘንድ ልመጣ ቆርጬ ነበር። መናኸሪያው ወዴት እንደሆነ ሁሉ ጠፋብኝ እንጂ እመጣ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ውሃውን ጥጄ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ጭኔ ባዶ ነው፤ ግራ እጄ ግን ለካ በአየር ላይ እየያዘ፣ እየለቀቀ ኖሯል። አላወቅሁትም። ቀና ስል እሸቴ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠና የሸሚዙን ግራ እጅጌ መሰብሰብ ጀመረ። እኔ ሚስቱ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ያንን ክንድ አይቼው አላውቅም፤ ልብስ ሲለውጥ ውጪ ይለኝ ነበር። ክንዱን ጭኔ ላይ አጋደመልኝ።

«በዚህ ላይ ያዢ» አለኝ።

እንዳላሳምመው ፈራሁ። ጠባሳው ገና ቀይ ነው፤ ጫፉ ላይ ቆዳው ስስ ነው። እንደ ጊታሩ አንገት ከሥር በአውራ ጣቴ ደግፌ አራቱን ጣቶቼን ደረደርኩ። እሱ በቀኝ እጁ ጉልበቴን መታ መታ እያደረገ ምቱን ይነግረኛል። ድምፅ የለውም፤ ስሳሳት ግን ያውቃል። «ጠበቅ አድርጊው፤ አያመኝም» አለኝ። አጠበቅሁት። ከሁለታችን ያለቀሰው እሱ ነው፤ እኔ ምቱ እንዳያመልጠኝ እየተጠነቀቅሁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ እናደርጋለን። ይህ ያድነዋል ብዬ አልነግርሽም፤ አላውቅም። ትናንት ከአልጋው አልነሣ አለኝ፤ ጠርዙ ላይ ተቀምጬ ክንዱን ብለምነው ነፈገኝ። ዛሬ ሰጠኝ። በዓሉ ሲቃረብ ዳግመኛ ይጠሩታል ብዬ እፈራለሁ፤ ቢጠሩት ያው ቃሉን ነው የሚደግምላቸው። እንቅልፌ ከሄደ ቆይቷል፤ የምጸልየውም አጥሮብኛል፤ ዛሬን ብቻ ነው የምለምነው። አንቺ በጸሎትሽ ረዘም አድርገሽ ለምኚልን።

መልሴ እንግዲህ ይኸው ነው፤ አልመጣም። ለእናታችንም ዘርፌ ተመችቷት ነው የቀረችው አትበያት፤ አታምንሽም። ሥራ አላት፣ ጠዋት የምትሠራው አላት በያት።

እናታችንን ጉልበቷን ስመሽ ሰላም በዪልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በዪልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ግንባራቸውን ሳሚልኝ፤ ትንሿ መሄድ ከጀመረች በኃይለኪሮስ ወሬውን ላኪብኝ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሶሬቲ ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። እሸቴም አሁን ከአልጋው ሆኖ ለማን ነው የምትጽፊው አለኝ፤ ለተናኜ አልኩት። ሰላም በያት አለኝ። ለሰው ሰላም በዪልኝ ካለኝ ዓመት አልፎታል።

ታናሽ እህትሽ ዘርፌ

ወሎ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.