የሐሙሱ ግምገማ

ማክሰኞ

ከፋብሪካው ስፖርት ክፍል አንድ ዘማች ተጠይቋል። ክብደት ማንሳት የምናሠለጥነው ሦስት ነን። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዛሬ ለብቻችን ጠርቶ ነገረን፤ ሐሙስ ሠራተኞቹ ይገመግሙናል። አንደኛ የወጣው ሬዲዮ ይሸለማል። ሦስተኛው ወደ ሰሜን ግንባር ይሄዳል። ለሠራተኞቹ እንዳንናገር አስጠነቀቀን። «ካወቁ በይሉኝታ ይፈርዳሉ» አለ።

ለባለቤቴ ለየሺ አልነገርኋትም። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።

ረቡዕ

ትንሽ ተረጋጋሁ። የማሠለጥናቸው ሰዎች ይወዱኛል። የሽመና ክፍሉ ጋሽ ሞላ መጀመሪያ ሲመጡ ወገባቸውን ታመው ጎብጠው ነበር። ዛሬ ብረቱን ከራሳቸው በላይ ይዘው «ልጄ፣ ሚስቴ እንኳ እኔን መፍራት ጀምራለች!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እሳቸው ክፉ አይናገሩብኝም።

ስወጣ ግን ሰብሰብ ብለው ሲንሾካሾኩ አየሁ። ስጠጋ ተበታተኑ።

ሐሙስ

ሦስተኛ ወጣሁ።

መጀመሪያ የተነሡት ጋሽ ሞላ ናቸው። «ይሄ አሠልጣኝ ያረፍዳል። ይቆጣል። ሥራውንም አይወድም» አሉ። ወደ እኔ አላዩም። ሌሎቹም ተራ በተራ ያንኑ ደገሙ። አርፍጄ አላውቅም።

ማታ ለየሺ ነገርኋት። አላለቀሰችም። ለሕፃኑ ያዘጋጀችውን ልብስ አወጣችና ታጥፍ ጀመር። አጥፋ ስትጨርስ ዘረጋችው፤ እንደገና አጠፈችው።

ዓርብ

ጋሽ ሞላ በጧት ዓሣ አንጠልጥለው እየሳቁ ቤቴ መጡ።

«አስቀረንህ! አንደኛ የወጣውን አዲስ አበባ ይወስዱታል ሲባል ሰማን። አንተን ወስደው ማንን ሊሰጡን? ተማከርንና አዋረድንህ። እንዳትቀየመን!»

ነገርኋቸው።

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። «ሊቀመንበሩ ዘንድ እሄዳለሁ። ዋሽተናል እላለሁ» አሉ። ክንዳቸውን ያዝሁ። ግምገማ ላይ አሲሮ የዋሸ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁለታችንም እናውቃለን። አምስት ልጆች አሏቸው።

«አይሂዱ» አልኋቸው።

የሺ ከጓዳ «ይሂዱ!» አለች።

ቅዳሜ

መኪናው ነገ ጧት ይነሣል። ጓዜን የሺ ሸከፈችው። ከትናንት ወዲህ አልተነጋገርንም።

ጋሽ ሞላ ዛሬ አዳራሹ አልመጡም። ሥራም አልገቡም አሉኝ። ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደው ይሁን ቤታቸው ተኝተው ይሁን አላውቅም። ላያቸው ወጥቼ ሐይቁ ዳር ድረስ ሄድሁ። ቤታቸው ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ሆኖም ተመለስሁ። ሳይሄዱ ቀርተው ቤት ባገኛቸው እንደማዝን ታወቀኝ።