ለካውቦዩ ሽማግሌ ሆኜ

ማክሰኞ

ሰውየው ዛሬም በባለቤቴ መኪና ውስጥ ጠበቀኝ። ዘይት ላስቀይርላት ብዬ ሞተሩን ሳስነሳ ወፍራም ድምፁ ከስፒከሩ ወጣ፤ "ዶፍ ቢወርድም ከዚህ አልነቃነቅም፤ እወድሻለሁ" ይላል። ክሌይ ይባላል። ካውቦይ ነው። ባለቤቴ ሰብለ ሪችፊልድ አጠገብ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ወዳለው ሥራዋ ስትነዳ የምታዳምጠው፣ በድምፅ የተተረከ የፍቅር ልብ ወለድ ጀግና። ሞንታና ውስጥ ከብት ያረባል፤ ሲናገር ቃል አይመርጥም። የወደዳት ደግሞ ከቺካጎ የመጣች፣ አቧራ የምትጸየፍ ጠበቃ ናት። በምንም አይገጥሙም፤ የተዋደዱትም በዚሁ ምክንያት ነው አሉ።

እኔ እዚህ ባዕድ አገር ያለነው ሐበሾች ማኅበረሰብ ሰብሳቢ ነኝ። ከንቲባ ፊት ቆሜ ተናግሬአለሁ። በአንድ ከብት አርቢ፣ ያውም በሌለ ሰው መቅናት ለዕድሜዬም ለማዕረጌም አይመጥንም።

ቀንቻለሁ።

ረቡዕ

እራት ላይ ረጋ ብዬ፣ "ለመሆኑ ይህ ሰውዬ ምን የተለየ ነገር አለው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"የልቡን ራሱ ይናገራላ!" አለች። "አንተ ለአባቴ ሽማግሌ ላክህ። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፣ አባቴ ተናገረ፣ አጎቴ እንኳ ሳይቀር ተናገረ። አንተ ብቻ እስከ ዛሬ ወረፋ አልደረሰህም፣ አቶ ሰብሳቢ።"

እየሳቀች ነበር። ሳቁ ግን ሳህኖቹን አንስታ ሳትጨርስ አለቀ።

ልጃችን ማርታ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል፣ "ኦ ማይ ጋድ! ዳድ፣ በመጽሐፍ ሰውዬ ጄለስ ሆንክ?" አለች፤ ቀናህ ወይ ማለቷ ነው። ስለ ነገው በረዶ አንስቼ ወሬውን ለወጥሁት።

በዘመናችን ሽማግሌ መላክ ክብር ነበር። ራሱ የሚሄድ ጎረምሳ አሳዳጊ የበደለው ይባል ነበር። ይህን ልነግራት ፈልጌ፣ እንደ ስብሰባ ንግግር ይሆንብኛል ብዬ ተውሁት።

ሐሙስ

ክሌይ ፈረስ ይጋልባል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል። እሱ ባርኔጣ የሚያደርገው ለውበት ነው፤ እኔ ጆሮዬ እንዳይቀዘቅዝ።

መኪናዋን ተውሼ ሌክ ስትሪት ገበያ ስሄድ አንድ ምዕራፍ አዳመጥሁ። መጥፎ አይደለም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ገበያው በር ላይ ደርሼ እንኳ ምዕራፉ እስኪያልቅ አልወረድሁም።

ዓርብ

ወይዘሮ የሺ ደወለች፤ የሰብለ ጓደኛ፣ የሴቶቹ የንባብ ማኅበር አለቃ። መጽሐፉን ጨርሰዋል፤ ነገ ተራው የእኛ ቤት ነው።

"ጋሼ፣ ልጁ ልጅቷን ያለ ሽማግሌ አገባት! ለእኛ ሠርጉ ሠርግ አልመሰለንም። እርስዎ ደግሞ ስንቱን ድረዋል። እስቲ ነገ ለክሌይ ሽማግሌ ሆነው ይቁሙልን። ሰብለ የልጅቷ አባት ትሆናለች።"

"የሺ፣ እኔ እኮ..."

"ሽማግሌ ሁኑ ሲባል እንቢ አይባልም!"

እውነቷን ነው፤ አይባልም። እነሆ በባለቤቴ ፊት ለባላንጣዬ ላማልድለት ነው።

ቅዳሜ

ሱፌን ለበስሁ፤ ኩታ ደረብሁ፤ በገዛ ሳሎኔ በር ላይ ቆምሁ። ሰብለ ባርኔጣዬን አጥልቃ ሶፋው ላይ ተሰይማለች።

"ይቀመጡ" አለችኝ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።" ሴቶቹ እልል አሉ።

"ልጁ የማን ነው?"

"ከብቱ የበዛ፣ ቃሉ ያጠረ የሞንታና ሰው ነው።"

"ይጠጣል?" አለች የሺ።

"በልኩ" አልሁ። ሐሙስ ያዳመጥሁት ምዕራፍ ግን ሌላ ይላል።

"ይጾማል?"

"ወይዘሮ የሺ፣ ሰውየው እኮ የሚኖረው በሥጋ ነው!"

ሳቁ ጋብ ሲል ሰብለ ድምፅዋን አወፍራ፣ "እኮ ልጄን ለምን ፈለጋት?" አለች።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ከሱፌ ኪስ አላወጣሁትም።

"እሱን አላውቅም" አልሁ። "እኔ ግን እፈልጋታለሁ። ስናገር ሰው ሁሉ ያጨበጭብልኛል፤ እሷ ብቻ ትስቅብኛለች። ከምናገረው ውስጥ ከሳቋ የተረፈውን ብቻ ነው እኔም የማምነው። ያኔ በሰው አፍ ጠየቅሁ። ዛሬ ማንንም አልላክሁም። እወዳታለሁ።"

የሺ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከፎቅ ስትወርድ የሰማችው ማርታ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ደረጃው ላይ ቀረች።

ሰብለ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ልክ እንደ አባቷ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ፣ "ሰምተናል። ዘመድ እናማክርና፣ በሳምንቱ ተመለሱ" አለች።

ወጉ ነው። በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም። ስንቱን ሙሽራ በዚህ ቃል አጽናንቻለሁ፤ እኔን ግን አላጽናናኝም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የምትነዳው ሰብለ ነበረች። ክሌይን አልከፈተችውም።

"ዘመድ ተማከረ?" አልሁ።

"ገና ነው" አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። "የልጁ ጉልበት አሳስቦናል።" ቀይ መብራት ሲይዘን ግን እጇን እዚያው የሚያመኝ ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። አረንጓዴ ሲበራም አላነሳችውም።

"የሚቀጥለው መጽሐፋችን ስለ መርከበኛ ነው" አለች።

ቤት ደረስን። ሱፌን ግን ቁም ሳጥን ውስጥ አልመለስሁትም፤ ለሳምንቱ ቀጠሮ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ።