ልጄ ከጀርባዬ ወረደች

እማዬ፣ ወረደች! ስልሳ አራቱንም ደረጃ ብቻዋን፣ ማንም ሳይዛት፣ በገዛ እግሯ ወረደች! ሰላምታውን አሁን እመለስበታለሁ፤ ይህን ሳልነግርሽ እንዴት ሰነበትሽ ብል ብዕሩ ራሱ የሚታዘበኝ መሰለኝ።

እሺ፣ ልረጋጋ። እንዴት ሰነበትሽልኝ፣ የኔ እናት? ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ ክፉ ሳል ለቀቀሽ ወይ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብስ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለሰው ስታቀርቢ ውለሽ አንቺ ሻይ ብቻ ጠጥተሽ ትተኛለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። በስልክ እንዳልነግርሽ ጆሮሽ ከስልክ ጋር እንደተጣላ አውቃለሁ፤ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ «ሃሎ፣ ይሰማል?» እየተባለ አይወራም። ታናሽ እህቴ ቁጭ ብላ ቀስ እያለች ታንብብልሽ። አንቺ ልጅ፣ እየዘለልሽ እንዳታነቢ፣ አውቅሻለሁ!

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ያኔ ሐኪሙ አርትራይተስ፣ የመገጣጠሚያ በሽታ፣ ነው እንዳለኝ ስነግርሽ «በሰባት ዓመት ልጅ ላይ የአሮጊት በሽታ ከየት መጣ?» ብለሽ ተቆጥተሽኝ ነበር። እኔም ሐኪሙን ያልኩት ይህንኑ ነው። እሱ ግን ልጅ አዋቂ ብሎ አይመርጥም አለኝ፤ የገዛ ሰውነቷ ዘበኛ ተሳስቶ የገዛ ጉልበቷን እንደ ሌባ ይደበድባል፣ ለዚህ ነው የሚያብጠው አለ። ከሰዓት በኋላ ስትሯሯጥ የዋለች ልጅ ጠዋት እንጨት ሆና ትነሳለች። አመመኝ አትልም፣ ታነክሳለች እንጂ። አስተማሪዋ እንኳ መጀመሪያ «ጠዋት ታነክሳለች፣ ከሰዓት ትሮጣለች፤ ታስመስላለች» ብላኝ ነበር። ዓርብ ዓርብ መርፌ አላት፤ በየሦስት ወሩ ደግሞ ዓይኗን በመብራት ያዩዋታል። ጉልበቷን አሟት ብመጣ ዓይኗን ምን አድርጉ አልኳችሁ ብዬ ተጣልቼ ነበር፤ ለካ ይህ በሽታ ድምፁን አጥፍቶ ዓይን ውስጥም ይገባል።

እኔስ ምን አደረግሁ? አዘልኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ከአራተኛ ፎቅ አዝያት እወርዳለሁ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አወርዳታለሁ፣ ከዚያ አንሶላ ወደምንተኩስበት ወደ ሆቴሉ እሮጣለሁ። ስንመለስም አዝያት ነው የምወጣው። ሰው እየዞረ ያየናል፤ እግሮቿ ረዝመው ጭኔን ይመቱኛል። ስትተኛ ደግሞ አንቺ ጥጡን በጣትሽ ፈልቅቀሽ የላክሽላትን ትራስ ጉልበቷ ሥር እሸጉጥላታለሁ፤ ሲታጠፍ ቀለል ይላታል።

እግሯን የምታሠራት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች። እኔ ኮስታራዋ እላታለሁ፤ ጥርሷን ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነበር፣ እሱም ስታዛጋ። ባለፈው ዓመት ማለቂያ ላይ «ቤት ውስጥ እንዴት ነው የምትራመደው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «እኔ እያለሁ እግሯ መሬት አይነካም!» አልኳት። እሞገሳለሁ ብዬ እኮ ነው! ልጅቷን በጀርባዋ አስተኛቻትና መዳፏን በቀኝ ጉልበቷ ሥር በአንድ ወገን አስገብታ በሌላው ወገን አወጣችው። እጇ ምንም ሳይነካው አለፈ። «ይህ እግር መዘርጋት ረስቷል» አለች። ስትተኛ ምን እንደማደርግላት ስትጠይቀኝ ትራሱን ነገርኳት፤ እናቴ ናት የላከችው ብዬም ጨመርኩ። ያኔ ወደ እኔ ዞራ «እኔ እዚህ ስዘረጋው እርስዎ ጀርባዎ ላይ ያጥፉታል፤ ከእርስዎ የተረፈውን ትራሱ ያጥፈዋል። ብቻዬን ሁለታችሁን እንዴት ልቻል?» አለችኝ።

የዚያን ቀን እንዴት ቤት እንደገባሁ አላውቀውም። አዝያት ነው የተመለስኩት፤ ሌላ መመለሻ አላውቅማ! እያለቀስኩ ስሄድ እሷ ከኋላዬ እንባዬን በመዳፏ እየጠረገች «እማ፣ ከበድኩሽ እንዴ?» ትለኛለች። ኮስታራዋን በሆዴ ያላልኳት ነገር የለም። ልጅ ወልዳ ታውቃለች? አልኩ። ቤት ስገባ ግን ልጅቷን አስተኝቼ እጄን እንደ እሷ በጉልበቷ ሥር ብሰደው ክርኔ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

ከማግስቱ ጀምሮ ሌላ ኑሮ ሆነ። ጠዋት ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጣታለሁ፣ ቀስ በቀስ ትፍታታለች። ከዚያ እግሯን ዘርግታ ጉልበቷን ወደ ፍራሹ ትጫናለች፣ እስከ አሥር እየቆጠርን። ስትተኛ በትራሱ ፈንታ እግሯን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ታስራለች። ከዚያ ደረጃው። ስትወጪ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርጂ የታመመው ይቅደም ብላ ኮስታራዋ አስተምራታለች። እኔ ከፊቷ ዝቅ ብዬ እጄን ኪሴ ከትቼ እወርዳለሁ፤ ትእዛዝ ነው፣ እጄ አይታመንም። አንድ ቀን ኪስ የሌለው ቀሚስ ለብሼ ወጣሁና ሦስተኛ ፎቅ ሳንደርስ አፈፍ አድርጌ አዘልኳት። ኮስታራዋ ስትሰማ «እንግዲያው ኪስ ያስሰፉ» አለችኝ። አሰፋሁ።

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የባቡር ሾፌር አሉ። አንድ ጠዋት ልጅቷ ደረጃው መሃል ቆማ ስታለቅስ እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ ቢያዩን በራቸውን ከፍተው ወረዱብኝ። «ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ? ወልደሻታል ወይስ ከመንገድ አግኝተሻት ነው?» አሉኝ። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ መልሱን አንቺ ትሰጪልኝ ነበር። ከኔ ወገን ሆኖ አንድ ቃል የሚናገር ሰው አጥቼ ስልሳ አራት ደረጃ መውረድ እንዴት እንደሚረዝም ልነግርሽ አልችልም። አባቷም ያለው ሩቅ ቦታ የመንገድ ሥራ ላይ ነው፤ እሱን የምናገኘው በሁለት ወር አንዴ፣ ከነአቧራው።

ከአሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ሐሙስ ዕለት ነው ታዲያ። በሩን ቆልፈን ከወጣን በኋላ የምሳ ዕቃዋን መርሳቴ ትዝ አለኝ። «እዚሁ ጠብቂኝ፣ እንዳትነቃነቂ» ብያት ተመለስኩ። ስወጣ የለችም! ወድቃ ነው ብዬ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት እኔንጃ፤ በየመታጠፊያው ተዘርራ የማገኛት ይመስለኛል። ታች ስደርስ የመንገዱ በር ላይ ቦርሳዋን ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች። «እማ፣ ምን አዘገየሽ? አርፍደናል እኮ!» አለችኝ።

እልልታዬን ለቀቅሁት። አንድ ሰው ብቻውን እልል ሲል ግን የእሳት አደጋ ጩኸት ይመስላል ለካ። በሩ ሁሉ ተከፈተ። ባቡር ሾፌሩ ግማሽ ፊታቸው አረፋ፣ ምላጭ በእጃቸው ይዘው «ምኑ ተቃጠለ?» እያሉ ወጡ። «ወረደች!» አልኳቸው። ልጅቷን አዩ፣ ደረጃውን አዩ፤ ከዚያ ለእሷ «በይ ነገ ስትወርጂ በሬን አንኳኪ፤ የኔም ጉልበት ጓደኛ ይፈልጋል» አሏት። አሁን በየጠዋቱ ሁለቱ ስለ ጉልበታቸው እያወሩ ይወርዳሉ፣ እኔ ከኋላ ቦርሳ ይዤ እከተላለሁ። ትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ላይ ስደርስ «እዚህ ጋ ተመለሽ፣ ጓደኞቼ ያዩሻል» ትለኛለች።

ኮስታራዋ በማግስቱ አስተኝታት እጇን ከጉልበቷ ሥር ለማስገባት ሞከረች። ከጣቷ ጫፍ በላይ አልገባም። እና ሳቀች፣ እማዬ! ጥርስ አላት!

ደስታዬን ግን የት ላድርገው? ሥራ ቤት ነገርኳቸው። አንሶላ አብራኝ የምታጥፈዋ ሴትዮ እቅፍ አደረገችኝ፤ ቀጥሎ ማሽኑ አንሶላውን መትፋት ጀመረና ወደ ሥራችን ተመለስን። አባቷ በስልክ ሦስት ጊዜ «እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አለኝና መስመሩ ተቋረጠ። ከጀርባዬ ከወረደች ወዲህ ልጅቷን አድርሼ ባዶ እጄን ስመለስ ጀርባዬ ይበርደኛል። እውነቴን ነው፤ በዚህ ሙቀት ሹራብ ደርቤ እሄዳለሁ። ሁለት ዓመት ትንፋሿ አንገቴ ላይ ነበር፤ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ የማወራው ለእሷ ነበር። አሁን ለማን ላውራ? የጸለይኩለት ነገር ሲሆን ይከፋኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

ስለ ትራሱ አትቀየሚኝ። ጥፋቱ ያንቺም የኔም አይደለም፤ ለሚያመው ልጅ ለስላሳ ነገር መሸጎጥ ማን ክፉ ነው አለን? አሁን እኔ እተኛበታለሁ፤ ያንቺን ቤት ቤት ይሸታል። ደግሞ በሽታው ሄዷል እንዳትዪ። ተኝቷል ነው የሚለው ሐኪሙ፤ አንድ ቀን ሊነቃ ይችላል። መርፌውም አልቀረ፣ የዓይኑም ምርመራ አልቀረ። ጠዋት እስክትቆም ድረስ ዛሬም ትንፋሼን ይዤ ነው የማያት። ለዚህ ነው ለመደሰት በሽታው እስኪያልቅ አንጠብቅ የምለው።

ለወንድም ጋሼ ሰላም በይልኝ፤ ሪህ ያለባቸው ጉልበታቸውን አጥፈው እንዳይቀመጡ ኮስታራዋ ታዛለች በይው። ሚስቱን፣ ያቺን የዋህ፣ ሳሚልኝ። ለአክስቴ፣ «ልጅቱ በሰይጣን ርግጫ የተመታች ናት» ላለችው፣ ይቅርታ ተደርጎልሻል በያት። ይህን ለምታነብልሽ ታናሽ እህቴ ደግሞ ጉንጯን ቁንጥጥ አድርጊልኝ።

አሁን ዋናውን ስሙ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጆቹ በየክፍላቸው ተሰልፈው ሜዳውን ይዞራሉ። አምና የኔዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሌሎቹን ሹራብ ስትጠብቅ ነበር። ዘንድሮ አስተማሪዋ ራሷ ከፊተኛው መስመር አስገብታታለች። የሌሎቹ ልጆች ዘመድ ሜዳውን ይሞላዋል፤ እኔ ብቻዬን ማጨብጨብ አልፈልግም፣ እልልታዬም እሳት ተነሳ እንዳያሰኝ ሰው ያስፈልገዋል። በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ተነሱ። ያን ቀን ጉልበቷ ቢያብጥባትና ቀስ ብላ ብትዞር፣ ቀስ ብለን እናያታለን። ሁላችሁም፣ አክስቴም ጭምር፣ አንድ ሰው ሳይቀር፦ ሰኔ 13 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት!

ልጅሽ
ከአራተኛ ፎቅ፣ ግንቦት 3 ቀን፣ ሰኞ